የዲጄ ረዳት ልሆን ነው ላለው የደሴ ልጅ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የ20 ዓመት የደሴ ልጅ ነው። የአክስቱ ልጅ ሞንታርቦና ሚክሰር ይዞ ሰርግ ለሰርግ የሚዞር ዲጄ ነው፤ «ና እርዳኝ» ብሎታል። አንድ ሰርግ አብሮ ሄዶ ዕቃ ተሸክሞ ተመልሷል። መሃል ላይ ድምፁ ጠፍቶ ሰው ሁሉ እሱ ላይ አፍጥጧል። «ምን ማወቅ አለብኝ? ስንትስ ልጠይቀው? ወይስ ሥራው ተሸክሞ መኖር ብቻ ነው?» ይላል። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ሐይቅ ሌላ ሰርግ አለባቸው።

ወንድሜ፣ አብሽር። ድምፅ ያልጠፋበት ረዳት የለም። እኔም በዚሁ ሥራ ነው የጀመርኩት፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ያኔ ዘፈኑ በሲዲ ነበር፣ ሞንታርቦው ደግሞ እንጨት፣ ሁለት ሰው ካልያዘው የማይነሳ። ዛሬ የመብራት ዝርጋታ ነው የምሠራው፣ ጥርና ሚያዝያ ሲመጣ ግን ሳውንድ አልቀርም።

ሰው ረዳት ሲባል ተሸካሚ ይመስለዋል። መሸከሙ አለ፣ አልዋሽህም። ግን ዲጄውን አስተውለህ እየው። ዓይኑ ስክሪን ላይ ነው፣ ጆሮው ሄድፎን ውስጥ። ከጀርባው ምን እንዳለ አያውቅም። ገመዱ፣ ሶኬቱ፣ ጄኔሬተሩ፣ ዝናቡ፣ ገመድ ላይ የሚዘለው ሕፃን፣ ይሄ ሁሉ የአንተ ነው። ሙዚቃው የእሱ፣ መብራቱ የአንተ። ይህን ከያዝክ ሌላው ዝርዝር ነው።

እንግዲህ ከመብራቱ ልጀምር፣ ሰርግ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ሰርግ ቤት እንደደረሳችሁ ዕቃ ለማውረድ አትቸኩል። መጀመሪያ ቆጣሪውን ፈልግ። «ጋሼ፣ መብራቱ ወደ ድንኳኑ ከየት ነው የሚገባው?» ብለህ ጠይቅ። «ከጎረቤት ስበን ነው» ካሉህ ገመዱን እስከ መነሻው በእግርህ ሂድበት። ስንት ጊዜ ነው ቀጭን የአምፖል ሽቦ በናስትሮ ተቀጣጥሎ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያገኘሁት። እሱ አምፖል ያበራል። ሞንታርቦ አይሸከምም።

ካርድ ቆጣሪ ከሆነ ስንት እንደቀረው እንዲያዩልህ ጠይቅ። አትፈር። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ካርዱ ያለቀበት ቤት አይቻለሁ፣ ያውም እሁድ ቀን።

ቀጥለህ ጓዳውን እይ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ተለኩሷል? አንድ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል። ለ220 ቮልት ስታካፍለው 16 አምፔር ነው። የእናንተ ዲቫይደር ከጀርባው 10 አምፔር ይል ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አይችልም ማለት ነው፣ ገልብጠህ አንብበው። እንግዲህ ምጣዱና ሞንታርቦው በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ፣ እንጀራው በተጣደ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ባሱ ይሰለላል፣ አንዳንዱ ሞንታርቦ ጭራሽ ራሱን ያጠፋል። ዲጄው «ምን ነካህ?» ብሎ ወደ አንተ ይዞራል። ያኔ አንተ ጓዳ ሄደህ «እማማ፣ ይቺን ምጣድ በሌላ መስመር ብናደርጋትስ?» ስትል፣ ስድብም ልትቀምስ ትችላለህ፣ ትኩስ እንጀራም። እኔ ሁለቱም ደርሶኛል። በጠዋት ብትነግራቸው ግን ደስ ብሏቸው ያስተካክላሉ።

ቴስተር ግዛ፣ ቮልቴጁን በቁጥር የሚያሳየውን። ከሁሉ በፊት፣ ከጓንትም ከባትሪም በፊት ቴስተር። ሶኬቱን ሳትለካ ስፒና አትሰካ። ኤሲ ላይ አድርገህ 220 አካባቢ ካየህ ጥሩ ነው። 190ም ካለህ 250ም ካለህ አትሰካ፣ መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልግ።

ይሄን የምለው ተቃጥዬ ነው። ከደሴ ወጣ ባለች ከተማ ሰርግ ላይ ነበርን። ምሽት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት አምፖሎች ድንገት ደመቁ። ሰው «ኧረ መብራቱ!» እያለ አጨበጨበ፣ እኔም ከሰው ጋር ሳቅኩ። ግማሽ ደቂቃ አልሞላም። አንዱ አምፖል ጧ አለ፣ ቀጥሎ የአምፕሊፋየሩ ጀርባ ጨሰ። ያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ኒውትራሉ ተላቅቆ ነው። መስመሩ ከትራንስፎርመር የሚመጣው መብራት በሚያመጡ ሦስት ገመዶች፣ ማለትም በሦስት ፌዝ፣ እና በአንድ የጋራ መመለሻ፣ ማለትም በአንድ ኒውትራል ነው። በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ነው፣ በፌዝና በፌዝ መካከል ግን 380። ኒውትራሉ ሲለቅ የአንዱ ቤት ቮልቴጅ ይወርድና የሌላው ወደ 380 ይጠጋል። እኛ የከፋው ላይ ነበርን። አምፕሊፋየሩ የተከራየ ነበር፣ ዕዳውን ከፍለን የጨረስነው በሦስት ወር ነው።

ስለዚህ አምፖል ከወትሮው በላይ ሲደምቅ አታጨብጭብ። ሮጠህ ንቀል። ዲጄውን አታስፈቅድ፣ በኋላ ያመሰግንሃል።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርግ ደግሞ አስቀድመህ እወቅ፣ መጥፋቱ አይቀርምና። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ሞንታርቦው ግን ጭጭ ይላል። የመጀመሪያ ሥራህ ሁሉንም ሞንታርቦ ማጥፋትና ሚክሰሩ ላይ ድምፁን ወደ ታች ማውረድ ነው። ለምን? መብራት ሲመለስ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። ያልጠፋ ዕቃ ያንን ይቀበላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቅ፣ በቴስተር ለካ፣ ከዚያ አብራ። በመሃል ሰው ይጮህብህ ይሆናል። ቻለው።

ደግሞ ወሎ ነህ እኮ። መብራት ሲጠፋ ሰርጉ የቆመ የሚመስለው ለዲጄው ብቻ ነው። አንዷ እናት ከበሮውን ከጥግ ስባ ታወጣለች፣ ሌላዋ ግጥም ታወርዳለች፣ ጭብጨባው ይነሳል፣ ትከሻው ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ ከእኛ የሚሻል ጨዋታ የመጣው ያኔ ነው። እና መብራት መጣ ብለህ በላያቸው ላይ ዘፈን እንዳትለቅባቸው። ዘፈኑን እስኪጨርሱ ጠብቅ። እኔ አንዴ ለቅቄ የሙሽራዋ አክስት ከበሮውን ይዛ ወደ እኔ የመጣችበትን አልረሳም።

ጄኔሬተር ካላችሁ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሙሉ በሙሉ አትመን። ያ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ሞተር አየር ይፈልጋል፣ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል። በግምት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ አካባቢ ጉልበት ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ስለዚህ ሩብ ያህሉ ሄዷል። 3,000 ዋት ያልከው 2,200 ገደማ ይሰጥሃል። ኮምቦልቻ ስትወርድ ትንሽ ይሻለዋል። ያው ጄኔሬተር ኮምቦልቻ ላይ ችሎ ደሴ ላይ ሲያቃስት ያየ ሁሉ «ቤንዚኑ ተበርዟል» ይላል። ሁሌ ቤንዚኑ አይደለም።

ከድንኳኑ አርቀው፣ 20 ሜትር ያህል፣ ጭሱ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይሁን። ዝናብ መጣ ብለህ በረንዳ ወይም ጓዳ ውስጥ እንዳታስገባው። ጭሱ ሽታው ሳይታወቅህ ይገድላል፣ ቀልድ የለውም። ቤንዚን የምትሞላው ጠፍቶ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገቡ ካለ፣ ሽማግሌም ቢሆን «አባባ፣ እባክዎ ወደዚያ» በል።

ስለ ሞንታርቦ ዋት ከጠየቅከኝ ደግሞ፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 2,000 ምናምን ማስታወቂያ ነው። ለቅጽበት የሚደርስበት ጫፍ ነው። የሚበላውን መብራት ማወቅ ከፈለግክ ጀርባው ላይ ስፒናው ከሚገባበት አጠገብ በትንሹ የተጻፈውን አንብብ።

የማብራት ቅደም ተከተል አለው። ስትከፍት ላፕቶፕና ሚክሰር ይቅደሙ፣ ሞንታርቦ መጨረሻ። ስትዘጋ ሞንታርቦ መጀመሪያ። ካገላበጥከው ዷ! ይላል፣ ያ ዷ ነው ስፒከሩን ቀስ በቀስ የሚጎዳው። እዝዝ የሚል ድምፅ ከሰማህ ደግሞ ሚክሰሩና ሞንታርቦው ከተለያየ ሶኬት መብራት ወስደው ሊሆን ይችላል። ከአንድ ቦታ አድርጋቸው፣ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። የስፒናውን የኧርዝ እግር፣ የሚያፈስ መብራት ወደ መሬት የሚያወርደውን፣ ቆርጦ እዝዝታውን የሚያጠፋ «ባለሙያ» ታገኛለህ። አትስማው። ማይክ የያዘ ሰው የብረት የድንኳን ምሰሶ ሲደገፍ ምን እንደሚሆን አስብ።

ገመድ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያንተን ማንነት ዲጄዎች የሚያዩት በገመድ አጠቃለልህ ነው። ብዙ ሰው በክርኑና በመዳፉ መካከል እያዞረ እንደ ልብስ ማስጫ ሲባጎ ይጠቀልለዋል። ውስጡ ያለው ሽቦ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይጠማዘዛል፣ ሲውል ሲያድር ይበጠሳል። ከውጭ ጤነኛ ይመስላል፣ ሰርግ መሃል ግን «ክርርር» ይላል። ትክክለኛው እንዲህ ነው። በግራ እጅህ ያዝ። የመጀመሪያውን ቀለበት እንደወትሮህ አድርግ። ሁለተኛውን ስታመጣ አውራ ጣትህን ወደ ታች አዙረህ ገመዱን ከሥር አሳልፈው። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሥር። ሳምንት ያስቸግርሃል፣ ከዚያ እጅህ ራሱ ያደርገዋል። ጫፉን ይዘህ ስትወረውረው ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ ታያለህ፣ ደስ ይላል።

የመብራት ኤክስቴንሽን ግን ሌላ ነው። የሚጠቀለል ከሆነ፣ ስትሠራበት ሙሉ በሙሉ ዘርጋው። ግማሹ ተጠቅልሎ ብዙ መብራት ካለፈበት ይግላል፣ ላስቲኩ እስኪቀልጥ። የድምፅ ገመድና የመብራት ገመድ ጎን ለጎን አታስኬድ። መገናኘታቸው ግድ ከሆነ መስቀል ሠርተው ይለፉ። ሰው የሚረግጥበት ላይ ምንጣፍ አልብስ ወይም በፕላስተር አጣብቅ። የሰርግ ሰው ወደ መሬት አያይም።

ሞንታርቦው ስታንድ ላይ ከወጣ እግሮቹን ሙሉ በሙሉ ክፈት፣ ሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሳንቃ አድርግ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር በሲባጎ እሰር። ከሰው ራስ በላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ፊት ያሉት ይደነቁራሉ፣ ከኋላ ያሉት አይሰሙም። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት ላይ ደግሞ አታዙረው። ይህን ብቻ ብታደርግ ግማሽ ወቀሳ ይቀርልሃል።

አሁን ማይክ። ዘፈን ቢቆራረጥ ይታለፋል፣ የሽማግሌ ምርቃት ከተቆራረጠ ግን ቤተሰቡ አይረሳልህም። አባባ ይነሳሉ። ማይኩን ትሰጣቸዋለህ። ወዲያው ወደ ሆዳቸው ያወርዱትና እጃቸውን ወደ ሰማይ ይዘረጋሉ። ማንም አይሰማም። ዲጄው ድምፁን ይጨምራል፣ ማይኩ ያፏጫል። ስለዚህ አትስጣቸው። አጠገባቸው ጎንበስ ብለህ ቁም፣ ማይኩን ከአፋቸው አንድ ጭብጥ ርቀት ላይ አንተ ያዘው፣ ራሳቸውን ሲያዞሩ አብረህ አዙር። እጅህ ይዝላል። ግን «አሜን» ሲባል ከድንኳኑ ጥግ እስከ ጥግ ነው። ማይኩን የሽቦ ራሱን በመዳፍህ አትሸፍን፣ ዘፋኞች ሲያደርጉት ያየኸውን አትከተል። ከጀርባው ያለው ቀዳዳ ሲዘጋ ማይኩ ከሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል፣ ከሞንታርቦውም ጭምር፣ ፉጨቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ማይክ የያዘ ሰው ከሞንታርቦው ፊት እንዳይሄድም ጠብቅ። ለገመድ አልባው አዲስ የባትሪ ድንጋይ ኪስህ ውስጥ ይኑር፤ ከምርቃቱ በፊት ቀይር፣ እስኪሞት አትጠብቅ።

አዛን ሲሰማ ሙዚቃው ይዘጋል። ይቀንሳል አላልኩም። እኛ ጋ ሰርጉ የክርስቲያንም ይሁን የሙስሊም ይህ አይጠየቅም፣ ግማሹ እንግዳ የዚያኛው ወገን ነው። ዲጄው ሄድፎን ስላደረገ አይሰማም። ጆሮው አንተ ነህ፣ ትከሻውን ነካ አድርገው። ሙስሊም ቤት ከሆነ ዋዜማው ላይ መንዙማ ሊኖር ይችላል፤ ያኔ የእናንተ ሥራ ሁለት ማይክ፣ አንድ ለአውጪው አንድ ለድቤው፣ አለቀ። ኢኮ ምናምን አትጨምሩበት። ምግብ ሲመጣ ደግሞ የየትኛው ወገን እንደሆንክ ራስህ ተናገር፤ ወሎ ላይ በስም አይታወቅም፣ አሳላፊውም ይቸገራል።

በየግማሽ ሰዓቱ ድንኳኑን ዙር። የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ስማ። ዲጄው የሚሰማው ከእሱ ሥር ያለውን ብቻ ነው። ሰው ምን እንደሚፈልግም እዚያ ትሰማለህ። ከባቲ የመጡ ዘመዶች አሉ? ከአምባሰል? ከራያ በኩል? ከከሚሴ በኦሮምኛ የሚጨፍሩ? ጠረጴዛው የራሱን ምት ሲሰማ እንዴት እንደሚነሳ አይተሃል። ባቲም አምባሰልም የቅኝት ስም የሆኑበት አገር ላይ ነው የምትሠራው። ለዲጄው ወረቀት ላይ ጽፈህ አቀብለው።

ጆሮህን ጠብቅ። የተለመደው የሙያ ደኅንነት ስሌት 85 ዴሲቤል ላይ ስምንት ሰዓት ይላል። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሞንታርቦ ሥር ያለ ረዳት ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ፋርማሲ ጠይቅ። ቀኝ ጆሮዬ ማታ ማታ ይጮሃል፣ አሁን ምንም አይደረግለትም።

ወገብህንም። 18 ኢንቹ ባስ 40 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። ብቻህን አታንሳ፣ ሙሽሪትን ለሚያጅቡት ልጃገረዶች ጉልበት ለማሳየትም ቢሆን።

መኪና ላይ ስትጭኑ ሞንታርቦዎቹ ፊት ለፊት ይተያዩ፣ እንዳይወጋጉ ብርድ ልብስ በመካከል፣ ከዚያ ጥብቅ አድርገህ እሰር። ሐረጎን ስትወርዱ ያልታሰረ ዕቃ ኩርባው ላይ ይጨፍራል። ሚክሰርና ላፕቶፕ ጭንህ ላይ። በሌሊት ከደሴ ብርድ ወጥታችሁ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ከገባችሁ ዕቃው ላይ ጠል ያዝላል፣ ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ። ሳትከፍት ግማሽ ሰዓት አቆየው። የካቲትና መጋቢት ደግሞ የበልግ ዝናብ አለ፣ ሰፊ ላስቲክ ይኑርህ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ዘመድ ነው ብለህ ዝም አትበል። ቁጥር ከእኔ አትጠብቅ፣ እንደ ሰርጉ ነው። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩ፦ በቀን ነው ወይስ በሰርግ? መልሱ ተጨማሪ ይከፈላል? ትራንስፖርት በማን ነው? ዕቃ ቢቃጠል ዕዳው የማን ነው? የመጨረሻውን በደንብ አንሳው። እኔ ሦስት ወር ሙሉ የከፈልኩት ሳንነጋገር ስለሄድን ነው። ልጁ «ዘመድ አይደለን እንዴ?» ካለህ፣ «ዘመድ ስለሆንን ነው እንዳንጣላ» በለው።

ተሸክሞ መኖር ነው ወይ ላልከው፣ አንድ ቀን ዲጄው ምሳ ሊበላ ሲሄድ «እስኪ ያዝልኝ» ይልሃል። ያን ቀን ሌላ ነገር አታድርግ። እሱ ያዘጋጀውን ተከታታይ ዘፈን ተከተል፣ ድምፁን አትንካ፣ ሰው እየጨፈረ ከሆነ አታቋርጥ። ሁለተኛ ጊዜ ይሰጥሃል። እኔ ዲጄ አልሆንኩም፣ ቴስተሩ ነው የወሰደኝ፣ አብረውኝ ከጀመሩት ግን ሁለቱ ዛሬ የራሳቸው ዕቃ አላቸው።

ቅዳሜ ሐይቅ ነው ያልከው? እንግዲያውስ ዛሬ ማታ ኤክስቴንሽኑን ግቢ ውስጥ ሙሉውን ዘርጋና በጣቶችህ መካከል እያሳለፍክ ሂድበት። የተላጠ፣ የሳሳ፣ በናስትሮ የተለበጠ ቦታ ካገኘህ ምልክት አድርግበትና ለአክስትህ ልጅ ነገ ጠዋት አሳየው። ባለፈው ድምፁ የጠፋው እዚያ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።